ቀዩ ልቃቂት

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ አበው። እኔ ይህን ተረት የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአለንጋ ነው። ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ገደማ፣ ዕድሜዬም ዘጠኝ ነበር። እናቴ ቀኑን ስትደክም ውላ፣ እራት ከተነሣ በኋላ አምፖሉ ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የእግር ሹራብ ትሠራ ነበር። አምስቱ መርፌዎቿ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ተቆርጠው፣ ጫፋቸው በድንጋይ የተሞረደ ነበር። አንድ ጠዋት ቀዩ ልቃቂት ከቅርጫቱ ጠፋ። እኛ የሰፈር ልጆች በዚያን ጊዜ ኳስ የምንሠራው አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀን፣ ከላይ በክር ጠፍረን ነበርና ጥርጣሬው በማን ላይ እንዳረፈ መናገር አያሻም። «አልወሰድኩም» አልኩ፤ አልታመንኩም። ተገረፍኩ። በአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥ የምታድረውን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ያ ክስ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ፍርዱን አገኘ፤ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ግን አንባቢን ረዘም ያለ መንገድ ልወስደው እሻለሁ። ካልሲ የምትሠራ ሴትና ክሯን የምትሰርቅ አይጥ በአንድ ጣራ ሥር መኖር የጀመሩት በእኛ ቤት አልነበረምና።

ከቃሉ እንነሣ። ዛሬ ሁላችንም «ካልሲ» የምንለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እናቶቻችን ግን «የእግር ሹራብ» ይሉታል። ሹራብ ስንል ወዲያው የሚታየን ደረትንና ክንድን የሚሸፍነው ልብስ ነው፤ እግሩ በኋላ የተጨመረ ይመስለናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቃሉን ያገኘነው ከዓረብኛ ሲሆን፣ በግብፅና በሱዳን እስከ ዛሬ ድረስ ትርጉሙ ካልሲ ነው። እንግዲህ ሹራብ በስሙ ከእግር ተነሥቶ ወደ ደረት የወጣ ልብስ ነው፤ እኛም «የእግር ሹራብ» ባልን ቁጥር ሳናውቀው «የእግር ካልሲ» እያልን ኖረናል። ቃል እንዲህ ነው፤ ሰው የረሳውን እሱ ይዞት ይቆያል።

* * *

የቤት አይጥም ታሪኳን በስሟ ተሸክማለች፤ ቤት ባይኖር ኖሮ የቤት አይጥ ባልተባለች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከሜዲትራንያን ባሕር በስተምሥራቅ ከሚገኙ ጥንታዊ ሰፈሮች የተለቀሙ የአይጥ ጥርሶችን መርምሮ፣ የዚህችን ፍጡር ጉርብትና ወደ 15 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። በዚያ ዘመን እርሻ የሚባል ነገር አልነበረም። ናቱፋውያን ተብለው የሚጠሩት አዳኞችና ፍሬ ለቃሚዎች ግን በአንድ ስፍራ ሰንበት ብለው መኖር ጀምረው ነበር። ሰዎቹ ረግተው በተቀመጡባቸው ዘመናት የቤት አይጥ በዛች፤ ተመልሰው መዘዋወር ባዘወተሩባቸው ዘመናት ደግሞ የዱር ዘመዷ ስፍራዋን ያዘች። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ከሕያው ኑሮ ጋር ለማነጻጸር በደቡብ ኬንያ ወደሚገኙ የማሳይ ሰፈሮች ሄደው፣ በሰው መንደር አጠገብ የሚኖሩ ሁለት የአይጥ ዝርያዎችን አጥንተዋል።

ከዚህ የምንረዳው አይጥ ጎተራን ጠብቃ እንዳልመጣች ነው። ጎተራ ሳይሠራ እሷ ደርሳ ነበር። ሰው «እዚህ እኖራለሁ» ያለ ዕለት እሷም «እኔም» አለች። ድመት የመጣችው ከዚያ ወዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ አንድ መቃብር ይህን ያስረዳል፤ በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከተቀበረ ሰው አጠገብ አንድ ድመት ተቀብራ ተገኝታለች። በደሴቲቱ የድመት ዘር አልነበረምና በጀልባ ጭኖ ያመጣት ሰው ነው።

አይጥ ከክር ጋር ምን አላት? ክር አይበላ። መልሱ ከአወላለዷ ላይ ይገኛል። አይጥ ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ የምትወልዳቸው ግልገሎች ጠጉር የላቸውም፤ ዐይናቸውም አልተገለጠም። ብርድ ይገድላቸዋል። ስለዚህ እናታቸው ያገኘችውን ለስላሳ ነገር ሁሉ፣ ወረቀትም ይሁን ጨርቅ ወይም የሹራብ ክር፣ በጥርሷ እየፈለፈለች ክብ ጎጆ ትሠራላቸዋለች። ቅርጫት ውስጥ ያለ ልቃቂት ለእሷ ግማሹ ያለቀ ሥራ ነው። አንዲት እናት ለልጆቿ እግር ያዘጋጀችውን ሙቀት ሌላዋ እናት ለልጆቿ ገላ ትወስደዋለች። የጠቡ ሥር ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ስለ ልጅ ነው የሚሟገተው።

* * *

ጠቡ ተቀርጾ የቀረው በግብፅ ነው። በፋዩም አጠገብ ካሁን የምትባል መንደር ነበረች፤ የዳግማዊ ሰኑስረትን ፒራሚድ ለሚያገለግሉ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተቆረቆረች ናት። እንግሊዛዊው የቁፋሮ ሊቅ ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 1890 መንደሪቱን ሲገልጣት፣ የቤተ መንግሥት ወርቅ ሳይሆን የተራ ሰው ጓዳ ነበር የጠበቀው። በጓዳው ውስጥ እንዝርቶችና የሽመና ዕቃዎች አገኘ። በዚያው ጓዳ ደግሞ የክፍሎቹ ማዕዘን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአይጥ ተቦርቡሮ፣ ቀዳዳዎቹ በድንጋይና በጥራጊ ተወትፈው አገኛቸው።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ያን ድንጋይ በዚያ ቀዳዳ የወተፈች እጅ አለች። ፒራሚዱን ማን እንዳሠራው እናውቃለን፤ ስሙ ተጽፏል። ማታ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ ቀዳዳ የደፈነችው ግን ስም የላትም፤ የቀረላት ውታፏ ብቻ ነው። እናቴም እኮ በተሰበረ ጠርሙስና በጭቃ ስትደፍን አይቻታለሁ። አራት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ጊዜ ውስጥ ዘዴው ይህን ያህል እንኳ ፈቅ አላለም።

ግብፃውያን በድንጋይ ብቻ አልተዋጉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው፣ ኤበርስ በሚባል ስም የሚታወቀው የሕክምና ጥቅልል፣ ከበሽታ መድኃኒቶች መካከል አይጥ ወደ ዕቃ እንዳትጠጋ የሚያደርግ አንድ ብልሃት አስገብቷል፤ የድመት ስብ ቀቡበት ይላል። አይጧ ጠላቷን አሽትታ እንድትሸሽ መሆኑ ነው። እኛ «አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» የምንለውን እነሱ ለቤት መጠበቂያ አውለውት ነበር።

* * *

ካልሲም ራሱ በብዛት የተገኘው ከዚችው አገር ነው። የግብፅ አሸዋ ደረቅ ነው፤ ብል፣ ሻጋታና ጥርስ የማይደርስበትን ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 አንቲኖፖሊስ በተባለች የሮማ ዘመን ከተማ የጥራጊ ክምር ሲቆፈር፣ የአንድ ሕፃን የግራ እግር ካልሲ ወጣ። ዘመኑ 300 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ተገምቷል፤ ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። ባለ ሸንተረር ነው፤ አውራ ጣቱም ከአራቱ ጣቶች ተለይቶ ለብቻው ቤት ተሠርቶለታል፤ በነጠላ ጫማ ላይ እንዲለበስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይቆርጡና ሳይነካኩ በልዩ ልዩ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥተው ሲመረምሩት፣ ያ ሁሉ ኅብረ ቀለም የተገኘው ከሦስት ዕፀዋት ብቻ፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን እያዋሐዱ በመንከር መሆኑ ታወቀ። ሦስት ቀለም ብቻ ያላት እናት ሰባት ዓይነት ሸንተረር አወጣች ማለት ነው። ቁጠባና ውበት አንድ ላይ ሲሄዱ እንዲህ ነው።

ከዚያ በፊትም ካልሲ በጽሑፍ ይታወቃል። በሰሜን እንግሊዝ ቪንዶላንዳ በሚባለው የሮማውያን ምሽግ፣ 100 ዓ.ም. አካባቢ በስስ እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ በአንዱ፣ ብርድ ላይ ላለ ሰው ካልሲ፣ ነጠላ ጫማና የውስጥ ሱሪ እንደተላከለት ይነበባል። ላኪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ መልእክቱ ግን ሩቅ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአንቲኖፖሊሱ ካልሲ በዛሬው የሹራብ አሠራር የተሠራ አልነበረም። ሠሪዋ ቀዳዳ ባለው አንድ መርፌ፣ አጠር አጠር ያለ ክር እያስገባች፣ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ ታሳልፍ ነበር። ክሩ ሲያልቅ ሌላ ትቀጥላለች። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ቢበጠስ አይተረተርም። በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ መርፌዎች፣ ከአንድ ረጅም ልቃቂት የሚሠራው እውነተኛው ሹራብ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ከቀደምቶቹ መካከል የሚቆጠሩት በሰማያዊና በነጭ ጥጥ ያጌጡት የእስላማዊቷ ግብፅ ካልሲዎች ሲሆኑ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ይመደባሉ። ይህኛው ፈጣን ነው፤ ይለጠጣል፤ እግርን አቅፎ ይይዛል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ቀለበቶቹ ሁሉ ተያይዘው የቆሙ ስለሆኑ አንዷ ስትቆረጥ የበላይዋም ትለቃለች፤ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን ተርተናል፤ አንዲት የአይጥ ጥርስ ግን የሦስት ሌሊት ሥራ ትፈታለች።

* * *

እንጀራዬ የባንክ ሒሳብ ነውና የቆየ መዝገብ ሳይ ዐይኔ ሳይቆም አያልፍም። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ካቴድራል የሒሳብ መዝገብ ውስጥ፣ ከ1305 እስከ 1467 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዘመናት አንድ አስገራሚ ወጪ ተመዝግቧል፤ ለድመቷ ቀለብ በየሩብ ዓመቱ 13 ሳንቲም፣ ማለትም በሳምንት አንድ ፔኒ። ድመቷ አይጥ እየያዘች በመደበኛ ደመወዝ ታድር ነበር። በበሩ ላይ የተበሳላት መግቢያም እስከ ዛሬ አለ። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ማታ በምድጃ ብርሃን ክር ስታጠነጥን ያመሸች ሴት ግን በየትኛውም መዝገብ ደመወዝ አልተጻፈላትም። ለድመቷ አልቀናሁም፤ ሒሳቡ ግን አልመዘዘንልኝም።

ሥራው ወደ መዝገብ የገባው ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1589 ዊሊያም ሊ የሚባል ሰው በኖቲንግሃምሻየር የካልሲ መሥሪያ መሣሪያ ፈለሰፈ። እጅ አንድ በአንድ የምትሠራውን ቀለበት መሣሪያው ረድፉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። በትውፊት እንደሚነገረው ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ የባለቤትነት ፈቃድ ከለከለችው፤ ምክንያቷም በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆች እንጀራቸውን ያጣሉ የሚል ነበር። ሊ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ እዚያው ሞተ። መሣሪያው ግን ኖረ፤ በኋላም ባለ መሣሪያዎቹ ራሳቸው በተራቸው ድሆች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1811 በዚያው በኖቲንግሃምሻየር ሠራተኞቹ መሣሪያዎችን መሰባበር ጀመሩ። መንግሥት መሣሪያ የሰበረ ሁሉ በሞት እንዲቀጣ ሕግ ሲያረቅቅ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 1812 በመኳንንቱ ምክር ቤት ተነሥቶ የተቃወመው ወጣቱ ባለ ቅኔ ሎርድ ባይረን ነበር። በምክር ቤቱ ያደረገው የመጀመሪያ ንግግሩ ይኸው ነው። ታላቁ ገጣሚ አንደበቱን ያሟሸው ስለ ካልሲ ሠሪዎች ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

መኪናው ከመጣ በኋላም የእጅ ካልሲ አልሞተም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲፈነዳ፣ ንግሥት ሜሪ የአገሯ ሴቶች 300 ሺህ ጥንድ ካልሲና 300 ሺህ የወገብ መቀነት ሠርተው እንዲያበረክቱ ጠየቀች። በምሽግ ውኃ ውስጥ ቀናት የቆመ እግር ያብጣል፣ ይደነዝዛል፣ ይበሰብሳል፤ የሚያድነውም ደረቅ ካልሲ መቀየር ነበር። ሴቶቹም ሠሩ። በየምሽጉ ደግሞ አይጥ ይርመሰመስ ነበርና ያ የጥንቱ ጠብ ጦር ሜዳ ድረስ ተከተላቸው።

* * *

ወደ አገራችን ስንመለስ ክሩ ይቀድማል፤ ካልሲው ከኋላ ይመጣል። ጥጥ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል። በመንዝ ብርድ ደግሞ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሆናል። በሁለቱም ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ ነው። ሸማኔው ገበያ ወጥቶ ስም ያገኛል፤ ፈታይዋ እቤት ትቀራለች። አይጧም የምታገኛት እዚያው ነው። የጥጥ ፍሬ ዘይት አለው፤ ባዘቶው ለስላሳ ነው፤ አይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት ከወዴት ታገኛለች? ስለዚህ የኛም ሴቶች የሚሰቅሉትን ሰቀሉ፤ የሚደፍኑትን ደፈኑ፤ ድመት አሳደጉ። ሊቃውንቱ የብራና መጻሕፍታቸውን በቆዳ ማኅደር ከተው በግድግዳ ኩላብ ላይ ሲሰቅሉ፣ ባልቴቶቹም የፈትል ሙዳያቸውን ከምሰሶ አንጠለጠሉ። ብራናውም ፈትሉም የሌት ድካም ናቸው። ልዩነቱ ብራናው በመጨረሻ ገጹ የጸሐፊውን ስም መያዙ ነው፤ ፈትል ገጽ የለውም።

የሹራብ መርፌ በእናቶቻችን እጅ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጁ ግን አዲስ አልነበረም፤ እንዝርት ሲያሾር የኖረ እጅ ነው። እናቴ ካልሲውን ከአፉ ትጀምራለች፤ በአራቱ መርፌዎች ላይ ቀለበቶቹን አከፋፍላ በአምስተኛው ዙሪያውን ትሠራለች። ከባዱ ተረከዙ ነው። እዚያ ስትደርስ ግማሾቹን ቀለበቶች አቁማ በቀሩት ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች፤ ከዚያ ትቀንሳለች፣ ታጥፋለች፣ እንደገና ወደ ዙሩ ትመልሳቸዋለች። ተረከዝ ላይ ስትሆን አናናግራትም ነበር፤ እየቆጠረች ነዋ። ቀዩ ልቃቂት የጠፋውም አንደኛው እግር አልቆ፣ ሁለተኛው ተረከዙ ላይ ሳለ ነው። ካልሲው የእኔ ነበር። አንድ እግሩ ብቻ በሳጥን ተቀመጠ፤ ያን ቀለም የሚመስል ክርም ዳግመኛ አልተገኘም።

እናቴ በ2009 ዓ.ም. አረፈች። በ2016 ዓ.ም. ያደግንበት ሰፈር ሲፈርስ እኔና ታናሽ እኅቴ ዕቃ ለማውጣት ሄድን። አቡጀዲው ተቀዶ ወረደ፤ አቧራው ጋብ ሲል ግድግዳውን የሚያፈርሰው ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ። ከጭቃው ውስጥ፣ ከሁለት ማገር መካከል፣ ብርቱካን የሚያህል ነገር ወጥቶ ነበር። ቁርጥራጭ ጋዜጣ፣ ጭድና የፍራሽ ጥጥ፤ ከውስጥ ደግሞ በጥርስ ተፈልፍሎ እንደ ባዘቶ የተነደፈ ቀይ የሹራብ ክር። አቧራ አደብዝዞታል፤ እፍ ስለው ቀላ። ጎጆው ባዶ ነበር፤ ግልገሎቹ አድገው ከሄዱ ዘመን የለውም። እኅቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ሁለታችንም ያን ማታ አልረሳነውም።

«ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይባላል። ለእኔ ግን ምስክር የሆነችኝ ራሷ አይጧ ናት። ንብረቱን ሰርቃ፣ ደብቃ፣ ሳታውቀው አቆየችልኝ። የአንቲኖፖሊስን ካልሲ ያቆየው የጥራጊ ክምር አልነበረምን? የካሁንን ሴት ያቆያትስ የአይጥ ቀዳዳ አይደለምን? መዝገብ ያልያዘውን ጥራጊና ጉድጓድ ያዙት። የእናቴ ካልሲዎች ሁሉ በእግራችን አልቀዋል፤ ካልሲ ሥራው ማለቅ ነውና። ከእጇ ሥራ የቀረኝ ያ አንድ እግርና ይህች እፍኝ የማትሞላ ቀይ ክር ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ቆርቆሮ ከትቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁ። አዲሱ ቤታችን ውስጥም ማታ ማታ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለና።

ለልጆችሽ እግር ያሰብሽው ያ ሙቀት፣
ልጆቿን ታቅፋ አይጥ ሞቀችው ሌሊት።
ቀዩ ክር ተገኘ ከቤቱ ፍርስራሽ፤
ምስክር መጣልኝ፣ ዳኛዬ ግን የለሽ።